ጠጉራሟን ብቻ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ «ጌታ ሆይ፣ ሙቀቱን ጨምርልን» ብሎ የጸለየ ሰው ቢፈለግ አንድ ብቻ ይገኛል። እሷም ውብነሽ ናት። የጸለየችው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014፣ በየካቲት ወር ነው፤ ያውም በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እንባዋን እያፈሰሰች። አጠገቧ የቆሙ አሮጊት ሰምተው፣ «ልጄ፣ ምን ነካሽ? ያለንስ መች አነሰን?» ብለው በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። ውብነሽ ግን ልመናዋን አላቋረጠችም። ለምን እንደዚያ እንደለመነች ለመረዳት ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው የጥምቀት በዓል መጀመር ይሻላል።

ውብነሽ አምቡሊ ውስጥ ትንሽ የአትክልት ቦታ ነበራት። አምቡሊ ውሃው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚታይ ወንዝ ነው፤ ሌላውን ጊዜ ከአሸዋው ሥር ተደብቆ ይከርማል። ቆፍሮ ያገኘው ይጠጣል፣ ያጠጣል። ከባሕሩ የራቀው ጉድጓድ ጣፋጭ ነው፤ ወደ ባሕሩ በተጠጉ ቁጥር ውሃው ጨው ጨው እያለ ይሄዳል። ባሏ ተክለወልድ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ ቆሞ ሥራ ሲፈታ ያንን ጉድጓድ በሰባት ወር ቆፍሮ አወጣው። ውሃው ጣፋጭ ሆነ። እሱ ግን ብዙም ሳይጠጣው በልብ ሕመም ሞተ። ውብነሽ ልጇን ፅዮናዊትን ያበላቻት፣ ያለበሰቻት፣ ትምህርት ቤት የላከቻት በዚያ ጉድጓድ ውሃ ነው። ጉድጓዱ ለእሷ ባልም ነበር፣ ጡረታም ነበር።

በቦታዋ ላይ የማይበቅል አልነበረም። ባሚያ፣ ሎቢያ፣ ዱባ፣ በሶብላ፣ ለፍየል መኖ የሚሆን ማሽላ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቷ ከሂርና ያመጡላት ሦስት ዓይነት ቲማቲም። አንደኛዋ ቅጠሏም ግንዷም ጠጉር የለበሰ፣ ሲነኳት እጅ ላይ የምትጣበቅ ናት፤ ጠጉራሟ ይሏታል። ሁለተኛዋ ጠይም ናት፤ ጨዋማ ውሃ ብትጠጣም ፊቷን አታጠቁርም። ሦስተኛዋ ቢጫ፣ ከአውራ ጣት ጫፍ የማትበልጥ፣ ሌላው ሁሉ በሙቀት አበባውን ሲያረግፍ የእሷን ይዛ የምትቆይ ናት።

እናቷ ዘር ሲጠየቁ ከልክለው አያውቁም። አንድ ዓይነት ብቻ ሰጥተውም አያውቁም። «ዘር ያለ ሚዜ ከቤት አይወጣም» ይሉና ሦስቱንም ደባልቀው፣ ላዩ ላይ ጥቂት ሎቢያ ጣል አድርገው ነው የሚሰጡት። «ዘንድሮ ማን እንደሚመጣብን አናውቅም። ትል ይሁን፣ ድርቅ ይሁን፣ ጎርፍ ይሁን፣ አስቀድሞ ደብዳቤ አይጽፍልንም። አንዷ ስትታመም ሌላዋ ቤቱን ትይዛለች» ይሉ ነበር።

የአምቡሊን መሬት ለአባላቱ የሚያከፋፍለው የአትክልተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ጀላሉዲን ይባላል። ድሬዳዋ ተወልዶ ጅቡቲ ያረጀ፣ አማርኛውን በፈረንሳይኛ የሚቀባ፣ ለእርሻ ሲሄድ እንኳ የተተኮሰ ሸሚዝ የሚለብስ ሰው ነው። በ2011 መጸው ላይ ከአንድ ሥልጠና በቆርቆሮ የታሸገ ዘር ይዞ መጣ። ፍሬው ክብ፣ ጠንካራ፣ አንዱ ከአንዱ የማይለይ ቲማቲም ነው። ሆቴሎቹና ለመርከብ ስንቅ የሚያቀርቡት ነጋዴዎች የሚፈልጉት ይህንኑ ብቻ ነው አለ። ከአርባ አንዱ አባላት አርባው ሌላውን ነቅለው ይህንን ለመትከል ተስማሙ።

አንድ ጠዋት ጀላሉዲን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በውብነሽ ቦታ መካከል ቆመ። ጎረቤቶቿም ቀልዳቸውን ለመስማት ጠጋ ጠጋ አሉ።

«ማዳም ውብነሽ፣ ይሄ አትክልት ቦታ ነው ወይስ የሠርግ ድንኳን? ያልተጠራ እንግዳ የለም እኮ!»

«ከኔ ድንኳን ባዶ ሆዱን የሚመለስ የለም። አንተን ምን ቸገረህ?» አለችው። ድሬ ያደገ ሰው አንቱታ አያውቅም፤ ሂርናም ለድሬ ጎረቤት ናት።

«ነጋዴው ሲመጣ ያሳፍራላ፣ አቦ! ቦታው ፕሮፕር መሆን አለበት። ንጹሕ! መስመር የያዘ! ትሉ የሚራባው ካንቺ ጫካ ነው።»

«ትልስ የሚወደው ያንተን ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ማዕድ ዘርግተህለታል፤ ሲበላ ይውላል እንጂ መንገድ አይጠፋበትም።»

ሰዎቹ ሳቁ። ጀላሉዲን አብሯቸው አልሳቀም። ሸሚዙን አራግፎ ሄደ።

በጥምቀት ማግስት ውብነሽ ከታቦቱ ሽኝት በቀጥታ ወደ አምቡሊ መጣች፤ ነጭ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ገና ከሩቅ አንድ ነገር ጎደላት፤ የማሽላዋ ራስ አይታይም። ስትደርስ ሦስት ጎረምሶች፣ ወደ የመን የሚሻገሩበትን ቀን እየጠበቁ በቀን ሥራ የሚያድሩ የአገሯ ልጆች፣ የመጨረሻውን የቲማቲም መደብ እየነቀሉ ነው። የተነቀለው ተከምሮ የሰፈር ፍየሎች ይግጡታል።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

አንደኛው ቀና ብሎ ልብሷን አየና ደነገጠ። «እትዬ፣ አረም ነው የተባልነው።»

«ማን አለ?»

ልጁ በአገጩ አመለከተ። ጀላሉዲን በጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ተክለወልድ በሠራው የድንጋይ ክብ ላይ ተቀምጧል። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ።

«ማኅበሩ ወስኗል። ይሄ ቦታ ከዛሬ ጀምሮ የማኅበሩ ማሳያ እርሻ ነው፤ እኔ እይዘዋለሁ። ላንቺ ከታች በኩል ቦታ ተሰጥቶሻል። እዚያ የፈለግሽውን ጫካ አብቅዪ።»

ከታች በኩል ማለት ማንም የማያርሰው የጨው ጫፍ ነው። ውብነሽ የምትለው ብዙ ነበር፤ ግን አንድ ቃል ብትናገር ለቅሶዋ ሊቀድማት ሆነ። ለቅሶዋን ደግሞ ለእሱ አታሳየውም። ዞር ብላ አንዷን ፍየል በርግጫ ብላት ሄደች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሁለት ነገር ትኖር ጀመር፤ ጉድጓዷን ማስመለስና ጀላሉዲን በገዛ እጁ ሲነቅል ማየት። ጠዋት ስትነሣ ይህን ታስባለች፤ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ገበያ መደቧ ላይ ቁጭ ብላ ዝንብ ስታባርርም ይህንኑ ታስባለች። የአትክልት ቦታ ጎረቤቷ ሐዲጃ፣ አራት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ አፏ የማያርፍ የድሬ ሴት ናት። «የናንተ ሰዎች ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉ የለ? ውቤ፣ አንቺ እኮ እሁድ እሁድ ስትሰርቂ ነው የምትውዪው» ትላታለች።

«ልሳል ተዪኝ» ትላለች ውብነሽ።

በጥቅምት የተከላ ወቅት ሲደርስ የጨው ጫፍ ላይ ሁሉንም ዘራች። አልጋዋ ሥር በቆርቆሮ የተቀመጡ የዘር ቋጠሮዎች ነበሩላት፤ ጀላሉዲን የነቀለው ተክሉን እንጂ ዘሩን አልነበረም። ጠጉራሟን፣ ጠይሟን፣ ቢጫዋን ቀላቀለች፤ በመሀል በመሀላቸው ባሚያና ሎቢያ፣ በነፋሱ በኩል ማሽላ አቆመች። እሷ በጨው ስትታገል ከላይ በኩል የጀላሉዲን ማሳያ በተክለወልድ ውሃ ይፈነድቅ ነበር።

ከገና በኋላ ትሉ መጣ። መጀመሪያ የታየችው ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ግራጫ የእሳት ራት ነበረች፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም። ቀጥሎ ቅጠሉ ውስጥ ነጭ መንገድ ታየ፤ ከዚያ ቅጠሉ በክብሪት እንደ ተለበለበ ወረቀት ሆነ። ፍሬው ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ፣ ሲቆርጡት ውስጡ ጥቁር። መድኃኒት ረጩ፤ ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ቤቱን ዘግቶ ስለተቀመጠ አልሰማቸውም። ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ሲሄድ የሚያቆመው ነገር አልነበረም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ሁሉም ይበላል። በሦስት ሳምንት አርባ ቦታ ነደደ።

የውብነሽም አልቀረላትም። ጠይሟ በግማሽ ተበላች፤ ቢጫዋም ቆሰለች። ጠጉራሟን ግን ትሉ አልደፈራትም፤ የእሳት ራቷ ቅጠሏ ላይ ስታርፍ እግሯ ይጣበቅና ትቀራለች። ባሚያውና ሎቢያው ደግሞ ጭራሽ የትሉ ምግብ አልነበሩም። በዚያ ወቅት ካርቲየ 4 ገበያ ላይ የአምቡሊ ቲማቲም የያዘች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ትንንሽ፣ የተጨማደዱ ናቸው፤ ሰው ግን ተሰልፎ ገዛ። የሐዲጃን ልጆች በባሚያዋ ያበላችውም ያኔ ነው።

ጀላሉዲን ሊጠይቃት እስከ ነሐሴ ቆየ። ቀኑን የመረጠለት ሙቀቱ ይመስል፣ አስፋልቱ በሚቀልጥበት ሰዓት ሚስቱን ቡርቱካንን አስከትሎ ካርቲየ 2 ቤቷ ድረስ መጣ። ቡርቱካን ዝምተኛ ሴት ናት፤ ባሏ ሲናገር ወለሉን ታያለች። ውብነሽ አስቀመጠቻቸው። ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳችላቸው። የጠበቀችው ሰዓት ደርሷል።

«ማዳም ውብነሽ» አለ ጀላሉዲን፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ። «ያለፈው አልፏል። ያቺ ትሉ ያልነካት፣ ጠጉራሟን፣ ዘሯን እፈልጋለሁ።»

«ዘር ሲጠየቅ አልከለክልም። ግን ጉድጓዴንስ?»

ሳቀ። «ዘርና ጉድጓድን ምን አገናኛቸው? ጉድጓዱ የማኅበሩ ነው።»

ያኔ «እሺ፣ እንነጋገርበት» ቢላት ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

«ሦስቱንም ደባልቄ ልስጥህ?» አለችው። «የእናቴ ልማድ እንደዚያ ነው።»

«አይ! አይሆንም። ቅይጥ አልፈልግም፤ መስመሬን ታበላሺብኛለሽ። ጠጉራሟን ብቻ ስጪኝ።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

«ቡርቱካን፣ ሰምተሻል አይደል?» አለች ውብነሽ። ቡርቱካን ባዶ ኩባያዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻትና፣ «ሰምቻለሁ» አለች።

ውብነሽ የጠጉራሟን ቋጠሮ አውጥታ ሰጠችው፤ ለራሷ ቆንጥራ ያስቀረችው ለአንድ መደብ የሚሆን ብቻ ነው። በሩን እንደዘጋች፣ ጥግ ላይ ስታጠና የነበረችው ፅዮናዊት ደብተሯን አጠፈች።

«እማዬ፣ ጠጉራሟ ሙቀት አትችልም ብለሽኝ አልነበር? አበባዋ ይረግፋል ብለሽ?»

«ይረግፋል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«አልጠየቀኝማ። የጠየቀኝን ሰጠሁት።»

ልጅቷ እናቷን ትኩር ብላ አየቻት። ውብነሽ ፊቷን አዞረች፤ ኩባያዎቹን ማጠብ ጀመረች። አንዱን ኩባያ ሦስት ጊዜ አጠበችው።

ያላሰበችው ነገር በመስከረም መጨረሻ መጣ። ሐዲጃ እየሮጠች፣ ሻርፗን እያንጠለጠለች ገባች።

«ውቤ! እልል በዪ! ጀላሉዲን ትል የማይበላው ዘር አስመጥቷል፤ ከፈረንሳይ ነው የመጣው! ለሁላችንም ሊያድለን ነው፤ አንድ ወጥ አድርገን እንተክላለን። ወላሂ፣ ዘንድሮ ለልጆቼ ጫማ እገዛለሁ!»

የሐዲጃ አራት ልጆች በውብነሽ ዓይን መጡ። ለአንድ ሰው የሠራችው ወጥመድ አርባ ቤት ሊይዝ ነው።

«ተቀመጪ» አለቻት። «ዘሩ ከፈረንሳይ አልመጣም። ከዚህ አልጋ ሥር ነው የመጣው።»

ሁሉንም ነገረቻት። ሐዲጃ አፏን ይዛ ሰማች፤ ሰምታ ስትጨርስ ጭኗን መታች።

«አንቺ ሰይጣን! አንቺ ነጠላ የለበስሽ ሰይጣን! እኔንም ልትቀብሪኝ ነበር?»

«አላወቅኩም። ለራሱ ብቻ የሚተክለው መስሎኝ። አሁን ጠይሟንና ቢጫዋን ውሰጂ። እሱ ከሚሰጥሽ ጋር ቀላቅዪው። ባሚያና ሎቢያም ጨምሪ።»

«ሌሎቹስ?»

ውብነሽ አሰበች። «ለሁሉም እንሰጣለን። ለሠላሳ ዘጠኙም። ለእሱ ብቻ አንነግረውም።»

ሥራውን የሠሩት በጫት ሰዓት ነው። ጅቡቲ ውስጥ በሰባት ሰዓት ጫቱ ከገባ በኋላ ወንድ ወንበሩን፣ ትራሱንና ወሬውን ይዞ ይቀመጣል፤ ከተማ ቢቃጠል እስከ አሥራ አንድ አይነሣም። በዚያ ሰዓት ሴቶቹ በየችግኝ መደቡ ጎንበስ ብለው ዘር ቀላቀሉ። ከሐዲጃ ወደ እህቷ፣ ከእህቷ ወደ አማቷ፣ ከአማቷ ወደ ጎረቤት ቋጠሮው ተላለፈ። ችግኙ ሲወጣ ወንዶቹ መጥተው አዩት፤ ቲማቲም መሰላቸው። ቲማቲምም ነው። ጀላሉዲን በየመደቡ እየዞረ፣ «ትሬ ቢያን!» እያለ አመሰገናቸው።

አንድ ከሰዓት ሐዲጃ ለብቻዋ መጣች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ቡርቱካን ዘር መቀላቀላችንን ሰምታለች። ከጓሮዋ ለምትተክለው አንድ እፍኝ ብቻ ትለምንሻለች። ለልጆቹ ነው አለች።»

«አይሆንም።»

«ውቤ፣ እሷ ምን አደረገችሽ?»

«የእሱን ወጥ ትሠራለች። የእሱን ሸሚዝ ትተኩሳለች። በዚያ ቤት ደጃፍ አንዲት ፍሬ አትገባም።»

«ለባሏ ሳትነግር ነው እኮ የለመነችሽ።»

«አይሆንም አልኩሽ!»

ሐዲጃ ስትወጣ እንደ ወትሮዋ አልቀለደችም።

ጥር ሲደርስ የጀላሉዲን ማሳያ ለዓይን የሚያሳሳ ሆነ። ትሉ መጥቶ ነበር፤ ጠጉራሟ አላስጠጋችውም። መስመሩ በገመድ የተለካ፣ ቁመቱ እኩል፣ አበባው እንደ ከዋክብት። ነጋዴዎች እየመጡ ፎቶ አነሱት። የሌሎቹ ቦታ ግን አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ የተበላ፣ አንዱ ደህና፣ መሀሉ ላይ ባሚያ የቆመበት ዝብርቅርቅ ሆኖ ታየው። ጀላሉዲን ተቆጣ፤ «ዘሩን ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ» አላቸው። ውብነሽን መንገድ ላይ ሲያገኛት ደግሞ ቆም አለ።

«አየሽ ማዳም? ዘርሽ እኔ ጋ መጥታ ሰው ሆነች!»

ውብነሽ መንገዷን ቀጠለች። ውስጧ ግን ነደደ። ያን ዓመት የባሕሩ ነፋስ ቀዝቀዝ እንዳለ ቆየ። የካቲት አጋመሰ፤ ሙቀቱ የለም። ሌላው ሰው «ተመስገን፣ ዘንድሮ ተነፈስን» ይላል። እሷ ጠዋት ጠዋት እጇን በመስኮት አውጥታ ነፋሱን ትለካለች። ጠጉራሟ ፍሬ ለመያዝ ትዘገያለች፤ ሁለት ሳምንት ከቀዘቀዘ ግን የጀላሉዲን አበባ ፍሬ ይይዛል፤ ፍሬ ከያዘ እሱ አሸናፊ ነው፤ ጉድጓዱም እስከ ዘላለሙ የእሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ ሙቀት የለመነችው ይህንን ፈርታ ነው። የገዛ ልጇ አየር ባጣ ክፍል ለፈተና እንደምታጠና እያወቀች፣ የሐዲጃ ታናሽ ልጅ በሙቀት ሽፍታ ገላው እንደሚቆስል እያወቀች፣ ለመነች።

በመጋቢት መጀመሪያ ነፋሱ ዞረ። ከምድሩ በኩል መጣ፣ ደረቅ፣ አሸዋ ያዘለ፣ የግንቦትን ሙቀት በመጋቢት ያመጣ። ስድስት ቀን ነፈሰ። በሁለተኛው ቀን የጀላሉዲን አበባ ጠወለገ። በሦስተኛው ቀን መርገፍ ጀመረ። በአምስተኛው ቀን በመስመሮቹ መካከል የአበባ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ተክሉ አረንጓዴ፣ ረዥም፣ ጠጉራም፣ ባዶ ሆኖ ቆመ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ፍሬ አልነበረም። አንዷ ያረገፈችውን ሁሉም አርግፈዋል።

የውብነሽም ጠጉራሞች አረገፉ። የሁሉም አረገፉ። ከተከሉት ሲሶው ሄደ፤ ውብነሽ የሐዲጃ መደብ ላይ ጎንበስ ብላ የቀረውን አበባ አንድ በአንድ ቆጠረች። ቢጫዋ ግን እንደ ልማዷ አበባዋን ይዛ ቀረች፤ ጠይሟም ከግማሽ በላይ ያዘች። ባሚያው ሙቀቱን እንደ ድግስ ቆጠረው። አርባ ቦታ አነሰም በዛም ሰበሰበ። አንዱ ግን አልሰበሰበም።

የማኅበሩ ስብሰባ በአንድ የተምር ዛፍ ጥላ ሥር ተደረገ። ጀላሉዲን ለመጀመሪያ ጊዜ ሸሚዙ ሳይተኮስ መጣ። ጣቱን ወደ ውብነሽ ቀሰረ።

«ይቺ ሴት አጭበርብራኛለች! የሚረግፍ ዘር ሰጠችኝ! ታውቅ ነበር!»

ሁሉም ወደ ውብነሽ ዞረ። ለዚህች ሰዓት ሁለት ዓመት ንግግር ስታጠና ከርማለች። አሁን ግን ከአፏ የወጣው ጥቂት ነው።

«አውቅ ነበር። ሦስቱን ደባልቄ ልስጥህ ብዬሃለሁ። እምቢ አልክ።»

«ውሸት! ማን ሰማ?»

«እኔ ሰምቻለሁ» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ቡርቱካን ናት። ከሴቶቹ ኋላ ቆማለች። ባሏን ሳይሆን መሬቱን እያየች ተናገረች። «ኩባያ ይዤ አጠገብህ ነበርኩ። ልደባልቅልህ አለችህ። ጠጉራሟን ብቻ ስጪኝ አልካት። ብቻዋን ወይ ብላ ደግማ ጠየቀችህ። አዎ አልክ።»

ከዚያ ሐዲጃ ተነሣች።

«ጎበዝ፣ ያ ቦታ ማሳያ ነው ተብለን አልነበር? በደንብ አሳይቶናል እኮ! አንድ ዓይነት ብቻ ተክሎ መና መቅረት እንዴት እንደሆነ አየን። ከዚህ በላይ ምን ያሳየን?»

ሳቁ ከተምሩ ላይ ወፍ አስነሣ። የማኅበሩ ሽማግሌዎች ተነጋገሩ፤ ብዙም አልፈጀባቸውም። የተክለወልድ ጉድጓድና ቦታው ለውብነሽ ይመለስ፤ ጀላሉዲን የጨውን ጫፍ ይውሰድ። ሌላ የምትጠይቂው አለሽ ወይ ተባለች።

«አለኝ» አለች። «ቦታዬን ጠርጎ ያስረክበኝ። በሰው እጅ አይደለም። በገዛ እጁ።»

በማግስቱ ጠዋት ውብነሽ በጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ባሏ በሠራው የድንጋይ ክብ ላይ ተቀመጠች። ጀላሉዲን ጎንበስ ብሎ ነቀለ። መስመር በመስመር፣ ከዳር እስከ ዳር። የጠጉራሟ ሙጫ እጁን አጥቁሮታል፤ ሸሚዙም ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ደስ አላት። ሌላ ስም የለውም፤ ደስ አላት። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ወገቡን ይዞ ቀና አለ። ውብነሽም፣ «ገና አርባ መስመር ይቀርሃል፣ ሙሴ ጀላሉዲን» አለችው። ይህንንም ስትለው ደስ አላት።

ፀሐይ ከፍ ስትል ቡርቱካን መጣች። ለማንም ሰላም ሳትል ሻርፗን ወገቧ ላይ አሠረችና ከባሏ ጎን ጎንበስ ብላ መንቀል ጀመረች። ውብነሽ ይህንን አላዘዘችም። ትንሽ ተቀመጠች፤ ድንጋዩ ቆረቆራት። ተነሣች፤ መልሳ ተቀመጠች። የቡርቱካን እጆች ቀጭን ናቸው፤ ሙጫው ሲነካቸው ቀልተዋል።

በመጨረሻ ተነሥታ ከኪሷ ቋጠሮ አወጣች። ሦስቱም ዘሮች ተደባልቀውበታል፤ ሎቢያውም አለበት። ወደ ቡርቱካን ሄዳ ዘረጋችላት።

«ለእሱ አይደለም» አለች። «ላንቺ ነው። ለልጆቹ።»

ቡርቱካን ቀና አለች። ቋጠሮውን አየችው፤ ወዲያው ግን አልተቀበለችም።

«ጥቅምት ላይ ለምኜሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ልጆቼ ዘንድሮ ከአምቡሊ አንዲት ቲማቲም አልቀመሱም። የሐዲጃ ልጆች ሲበሉ ያዩ ነበር።»

ውብነሽ እጇን እንደዘረጋች ቆየች። ጀላሉዲን መንቀሉን አቁሞ ሁለቱን ያያቸዋል።

ቡርቱካን ቋጠሮውን ተቀበለች። በጥርሷ ፈታችው፣ ውስጡን አየችው፣ መልሳ ቋጠረችው፤ ከዚያ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«ዘሩን ወስጃለሁ» አለች። «ዘር አይመለስም። አንቺን ግን ይቅር አላልኩሽም፤ እወቂው።»

ይህን ብላ ጎንበስ አለችና ቀጣዩን መስመር ያዘች።